ለዓይን ያልተሠራ ፊደል

ክቡራትና ክቡራን፣

በዚህ ጉባኤ ላይ እንድናገር ስጋበዝ የተሰጠኝ ርእስ የግል ሕይወቱን መከራ ተቋቁሞ ለታላቅ ፈጠራ ስለበቃ አንድ ሰው የሚል ነበር። የአምፖልን፣ የስልክን ወይም የእንፋሎት ሞተርን ታሪክ እሰማለሁ ብላችሁ የመጣችሁ ትኖሩ ይሆናል። እኔ ግን ጭስም ድምፅም የሌለውን፣ መላ አካሉ በአንዲት የጣት ጫፍ ሥር የሚያድረውን ፈጠራ መርጫለሁ፤ እርሱም ዓይነ ስውራን የሚያነቡበትና የሚጽፉበት የስድስት ነጥብ ፊደል ነው። ፈጣሪው ፈረንሳዊው ሉዊ ብሬል ነው። የተወለደበት ቀን፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ጃንዋሪ 4፣ ከእኛ የገና በዓል ሦስት ቀን አስቀድሞ የሚውል ሲሆን፣ ከ2019 ጀምሮ በተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ውሳኔ የዓለም የብሬል ቀን ሆኖ ይከበራል። በንግግሬ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በዚያው በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን ከወዲሁ አሳስባለሁ።

የሉዊ ብሬል ታሪክ ብዙ ጊዜ የሚነገረው አንድ ብርሃኑን ያጣ ሕፃን በጽናቱ ዓይነ ስውርነትን እንዳሸነፈ ተደርጎ ነው። በአክብሮት የሚነገር አነጋገር ቢሆንም እኔን አያረካኝም። ሉዊ ዓይነ ስውር ሆኖ ኖረ፤ ዓይነ ስውር ሆኖም ሞተ። ይህንንም እንደ ሽንፈት ቈጥሮት የኖረ አይመስለኝም። ከልጅነቱ እስከ ዕለተ ሞቱ የታገለው ሌላ ነገር ነበር፤ ይኸውም የሚያዩ ሰዎች፣ ደጎቹና ቅኖቹ ጭምር፣ ንባብ ማለት የዓይን ሥራ ነው ብለው ማመናቸው ነው። ዛሬ ላሳያችሁ የምሻው ይህን ትግል ነው።

ሉዊ በ1809 የተወለደው ከፓሪስ በስተ ምሥራቅ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በምትገኘው በኩቭሬ መንደር ነው። አባቱ ሲሞን ረኔ ብሬል ኮርቻና ልጓም ሠሪ ነበሩ፤ ሉዊ ለቤተሰቡ አራተኛና የመጨረሻ ልጅ ነው። የአባቱ መሥሪያ ቦታ የሹል ነገር ቤት ነበር፤ ቢላ፣ መቍረጫ፣ ወስፌ። የሦስት ዓመት ልጅ ሳለ፣ በ1812፣ አባቱ የሚያደርጉትን ለማድረግ ፈልጎ ቁራጭ ቆዳ በትንሽ እጁ ይዞ ሊበሳ ሲታገል ሹሉ ብረት ከቆዳው ላይ አሟልጦት አንድ ዓይኑን ወጋው። ቆዳ ሲበሳ ያየ ሰው ይህን ለመገመት አይቸገርም፤ ልጅ ጠጋ ብሎ፣ አጎንብሶ፣ ፊቱን ከሥራው ላይ አስጠግቶ ነው የሚሠራው። በዚያ ዘመን ቁስል የሚያደርቅ፣ መግል የሚከለክል መድኃኒት አልነበረም። የተወጋው ዓይን አመረቀዘ፤ ሕመሙ ጤነኛውንም ዓይን ያዘው፤ አምስት ዓመት ሲሞላው ሁለቱም ዓይኖቹ ፈጽመው ጠፉ። በእነዚያው ዓመታት የናፖሊዮን መንግሥት ወድቆ የውጭ ወታደሮች መንደሯን ሞልተዋት ነበርና ቤተሰቡ ሐዘኑንና የጦርነቱን ዕዳ በአንድ ጊዜ ተሸከመ።

ስለ ወላጆቹ ጥቂት ልቆይ፤ ታሪኩ ሲተረክ እነርሱ ቶሎ ይታለፋሉና። በዚያን ጊዜ ከድኻ ቤት ለተወለደ ዓይነ ስውር ልጅ በአብዛኛው የሚጠብቀው ልመና ነበር። ሲሞን ረኔና ባለቤታቸው ሞኒክ ግን ልጃቸውን በማዕዘን አላስቀመጡትም። አባቱ በትር ሠርተው መንደሩን በራሱ እግር እንዲያውቀው አደረጉ፤ በቤት ውስጥ ሥራ አካፈሉት፤ በእንጨት ላይ ምስማር እየመቱም የፊደላትን ቅርጽ በጣቱ እንዲለይ አስተማሩት ይባላል። የመንደሩ ቄስ ፓሉዊ ልጁን እየጠሩ ያስተምሩት ነበር፤ የመንደሩ መምህር ቤሽሬም ከሚያዩት ልጆች ጋር ክፍል ውስጥ አስቀመጡት። ሉዊ የሰማውን ሁሉ ይይዝ ነበር። ሌሎቹ መጽሐፍ ገልጠው ማንበብ ሲጀምሩ ግን እጁን አጣጥፎ ከመቀመጥ በቀር ምርጫ አልነበረውም።

በፓሪስ ለዓይነ ስውራን ልጆች የተከፈተ ትምህርት ቤት እንዳለ ተሰማና በ1819፣ በዐሥር ዓመቱ፣ ከአባቱ ጋር ወደዚያው ተጓዘ። ይህን ትምህርት ቤት በ1785 ያቋቋሙት ቫላንታን አዊ የሚባሉ ሰው ናቸው። አዊ ለዚህ ሥራ የተነሡት በአንድ የፓሪስ ገበያ ላይ ዓይነ ስውራን ትልልቅ የወረቀት መነጽር ተደርጎላቸው፣ መሣሪያ እየመቱ ለሕዝብ መሣቂያ ሲሆኑ አይተው በመቆጣታቸው ነው። ዓይነ ስውራን ማንበብ ይችላሉ ብለው የተነሡ፣ መንገዱንም የጠረጉ ሰው ናቸውና ሊመሰገኑ ይገባል። ሆኖም ለማንበቢያ ያዘጋጁላቸው ፊደል የሚያዩ ሰዎች የሚጠቀሙበት የላቲን ፊደል ነበር፤ የጨመሩበት ነገር ቢኖር እርጥብ ወፍራም ወረቀት በትልልቅ ፊደላት ላይ እየተጫነ እንዲያብጥ ማድረጉ ብቻ ነው።

እስቲ ዓይናችሁን ጨፍናችሁ ይህን መጽሐፍ አስቡት። አንዱ ፊደል ከጣት ጫፍ ይሰፋል፤ ስለዚህ ጣት ዙሪያውን እየዳሰሰች ቅርጹን መሰብሰብ አለባት። ክቡ «ኦ» ከ«ሲ»፣ «ሲ» ከ«ጂ» የሚለዩት በጥቂት ክፍተት ነው፤ ዓይን ይህን ክፍተት በአንድ እይታ ታገኘዋለች፤ ጣት ግን ዞራ ዞራ እስክትደርስበት ድረስ የቀደመውን ፊደል ትረሳዋለች። የአንድ ዓረፍተ ነገር መጨረሻ ላይ ሲደረስ መጀመሪያው ከአእምሮ ጠፍቷል። መጻሕፍቱ ግዙፍና ከባድ፣ ቍጥራቸውም ጥቂት ነበር። ከሁሉ የሚከፋው ግን፣ እኔ እንደሚመስለኝ፣ በዚህ ፊደል ተማሪው መጻፍ አለመቻሉ ነው፤ ፊደሉን ለማሳበጥ ማተሚያ ያስፈልጋልና። ሌሎች የመረጡለትን ማንበብ ይችላል፤ የራሱን ሐሳብ አስፍሮ ነገ ተመልሶ ማንበብ ግን አይችልም።

የትምህርት ቤቱ ሕንፃ አሮጌ፣ ጨለማና ርጥበት የበዛበት ነበር፤ በፈረንሳይ አብዮት ጊዜም እስር ቤት ሆኖ አገልግሏል። ብዙ ልጆች በዚያ ይታመሙ ነበር። ሉዊ ግን ትምህርቱን፣ በተለይም ሙዚቃን፣ በፍቅር ያዘው።

በ1821 ሻርል ባርቢዬ የሚባሉ የቀድሞ የመድፈኛ መኮንን አንድ አዲስ የአጻጻፍ ዘዴ ይዘው ወደ ትምህርት ቤቱ መጡ። ዘዴው «የሌሊት ጽሕፈት» በሚል ስም ይታወቃል። ባርቢዬ የፈረንሳይኛን ድምፆች ወደ 36 ሰብስበው በስድስት ረድፍና በስድስት ዓምድ ደረደሯቸው፤ ከዚያም እያንዳንዱን ድምፅ በሁለት የነጥብ ዓምዶች አመለከቱት፤ በግራ በኩል ያሉት ነጥቦች ረድፉ ስንተኛ እንደሆነ፣ በቀኝ በኩል ያሉት ደግሞ በረድፉ ውስጥ ስንተኛ ቦታ ላይ እንዳለ ይናገራሉ። በዚህ ስሌት አንድ ድምፅ እስከ 12 ነጥብ ሊወስድ ይችላል።

የባርቢዬን ዘዴ ማቃለል ተገቢ አይደለም። ነጥብ ከመስመር ይልቅ ለጣት እንደሚስማማ ለእነዚያ ልጆች ያሳየው እርሱ ነው፤ በሹል ብረት ከወረቀት ጀርባ እየወጉ መጻፍ እንደሚቻልም ያሳየው እርሱ ነው። ተማሪዎቹ በሞከሩት ጊዜ ካበጠው የላቲን ፊደል የተሻለ ሆኖ አገኙት። የ12 ዓመቱ ሉዊ ግን ጉድለቱን ወዲያው በጣቱ አወቀው። የነጥቦቹ ክምር ከጣት ጫፍ ያልፋል፤ ጣት ወደ ላይና ወደ ታች እየተመላለሰች መቍጠር አለባት። ዘዴው ድምፅ እንጂ ሆሄ ስለማይጽፍ የቃላትን ትክክለኛ አጻጻፍ አያሳይም። ነጠላ ሰረዝ የለውም፤ ቍጥር የለውም፤ የሙዚቃ ምልክት የለውም። ባርቢዬ በዚያን ጊዜ ዕድሜያቸው ከ50 ያለፈ፣ የተከበሩ ሰው ናቸው፤ የሚታረሙት ደግሞ በአንድ የገጠር ልጅ ነው። ሐሳቡን በቀላሉ አልተቀበሉትም።

ሉዊ ቀጣዮቹን ሦስት ዓመታት ያሳለፈው በዚህ ጉዳይ ነው። ቀን ትምህርት አለ፤ ስለዚህ ጊዜው ሌሊቱና ኩቭሬ የሚያሳልፈው የዕረፍት ወራት ነበር። እጁ ላይ የነበረው ጥቂት መሣሪያ ነው፤ ወረቀት፣ ነጥብ ማሳረፊያ ሰሌዳና ከአባቱ ወስፌ ብዙም የማይለይ ሹል ብረት። ብዙዎች ዓይኑን ያጠፋው ብረት ፊደሉን እንደሠራለት አድርገው ይተርኩታል። ምሳሌው ያምራል፤ ነገር ግን የሦስት ዓመት ድካምን በአንድ ብረት ላይ ጭኖ ያልፈዋልና እኔ አልደግመውም። በ1824፣ ዕድሜው 15 ሲሆን፣ ሥራው በመሠረቱ ተጠናቅቆ ነበር።

ያደረገው ምን እንደሆነ በቃል ለማስረዳት ልሞክር። የገበጣ ጉድጓዶችን አስቡና በቁመት የቆሙ ሁለት ዓምዶች ብቻ፣ በእያንዳንዱም ሦስት ሦስት ጉድጓድ ብቻ አስቀሩ። የግራዎቹ ከላይ ወደ ታች 1፣ 2፣ 3 ይባላሉ፤ የቀኞቹ 4፣ 5፣ 6። ጠቅላላ ቁመቱ ከሰባት ሚሊ ሜትር አይበልጥም፤ ስለዚህ ጣት ሳትመላለስ፣ ሳትቈጥር፣ በአንድ ንክኪ መላውን ቅርጽ ታገኛለች። 1ኛዋ ነጥብ ብቻዋን ስትሆን «ኤ» ናት፤ ከሥሯ 2ኛዋ ስትጨመር «ቢ»፣ 1ኛዋና 4ኛዋ ጎን ለጎን ሲቆሙ «ሲ»። የመጀመሪያዎቹ ዐሥር ፊደላት ከላይኞቹ አራት ነጥቦች ብቻ ይሠራሉ። ቀጣዮቹ ዐሥር ፊደላት እነዚያው ቅርጾች ናቸው፤ 3ኛዋ ነጥብ ትጨመርባቸዋለች። የቀሩት ደግሞ 3ኛዋና 6ኛዋ አብረው ሲጨመሩ ይገኛሉ። ዐሥሩን የያዘ ልጅ መላውን ፊደል ሊይዝ ተቃርቧል ማለት ነው፤ የቍጥር ምልክት ከፊታቸው ሲቀመጥም እነዚያው ዐሥር ፊደላት አኃዞች ይሆናሉ። በእንግሊዝኛው ብሬል «ደብልዩ» ከዚህ ሥርዓት ወጥታ የምትገኘው በጊዜው ፈረንሳይኛ ስለማይጠቀምባት ሉዊ በመጀመሪያው ሰልፍ ስላላስገባት ነው።

ከስድስት ነጥቦች 63 የተለያዩ ቅርጾች ይወጣሉ። ለፊደል፣ ለሥርዓተ ነጥብ፣ ለሒሳብና ለሙዚቃ ይበቃሉ። ሙዚቃውን በተለይ እጠቅሰዋለሁ፤ ሉዊ ራሱ ኦርጋን የሚጫወት፣ ኋላም በፓሪስ አብያተ ክርስቲያናት በዚህ ሙያ ያገለገለ ሰው ነበርና የሠራው የሙዚቃ አጻጻፍ ከራሱ ፍላጎት የተወለደ ነው። ማየት የተሳነው ሙዚቀኛ በአንድ እጁ እያነበበ በሌላው እየሞከረ ዜማውን በቃሉ ይይዛል። ከዚህ በፊት ሌላ ሰው እስኪጫወትለት መጠበቅ ነበረበት።

የዚህን ሥራ ታላቅነት ለማየት ከነጥቦቹ ይልቅ የተተወውን ነገር መመልከት ይሻላል። ከባርቢዬ በቀር፣ ከሉዊ በፊት የሞከሩት አብዛኞቹ ለዓይን የተሠራውን ፊደል በጣት እንዲነበብ ለማድረግ ደከሙ። ሉዊ ያንን ቅርጽ ፈጽሞ ተወው። የብሬል «ኤ» ከላቲኑ «ኤ» ጋር ምንም የመልክ ዝምድና የላትም፤ ሊኖራትም አይገባም፤ የምትጠየቀው ለጣት ግልጽ መሆኗን ብቻ ነውና። ይህን ለመድፈር የሚያይ ሰው ይቸገራል፤ ፊደል ሲባል ወዲያው መልኩ በሐሳቡ ይመጣበታል። ልጁ ግን ንባብን በጣቱ ብቻ ነው የሚያውቀው። ዓይነ ስውርነቱ ለዚህ ሥራ እንቅፋት አልነበረም፤ ሥራውን ለመሥራት የሚያስፈልገው እውቀት ነበር።

በ1829 ዘዴውን የሚያስረዳ መጽሐፍ አሳተመ። መጽሐፉ የታተመው በዚያው ባበጠው የላቲን ፊደል ነው፤ የሚያዩ መምህራን እንዲያነቡት ሌላ መንገድ አልነበረም። በመግቢያው የመጀመሪያውን ሐሳብ ያገኘው ከባርቢዬ መሆኑን በክብር መስክሯል። በመጀመሪያው ዝርዝር ከነጥብ ጋር ትንንሽ ሰረዞችም ነበሩ፤ በአገልግሎት ሲፈተኑ ለጣት አልመች ስላሉ በ1837ቱ እትም አወጣቸው። የራሱን ሥራ እንዲህ ደጋግሞ የሚያርም ሰው ነበር። በዚያው ትምህርት ቤት በመጀመሪያ ረዳት፣ ከ1833 ጀምሮ ደግሞ ሙሉ መምህር ሆኖ ሰዋስው፣ ታሪክ፣ ሒሳብና ሙዚቃ አስተማረ።

ከዚህ በኋላ ያለው ዘመን ግን ከሕፃንነቱ አደጋ የከበደ ይመስለኛል። በ26 ዓመቱ፣ በ1835 ገደማ፣ የሳንባ ነቀርሳ ያዘው፤ ያ ርጥብ ሕንፃ ለሕመሙ ምክንያት ሳይሆን አልቀረም። በሽታው እየተመላለሰ ደም ያስተፋው፣ ድምፁን ይነጥቀው፣ ከማስተማርም ያግደው ነበር። ይህ እንዳለ ሆኖ በ1840 ፊደሉን ይደግፉት የነበሩት ርእሰ መምህር ፒኜ ተነሥተው በቦታቸው አርማን ዱፎ ተተኩ። ዱፎ ያበጠውን የላቲን ፊደል በአዲስ መልክ አስገብተው የነጥብ ፊደሉን ከትምህርት ቤቱ አስወጡት።

ዱፎን እንደ ክፉ ሰው አድርጌ ላቀርባቸው አልሻም። ምክንያታቸው በብዙ ቅን ሰዎች አፍ የሚገኝ ነበር፤ ዓይነ ስውራን የራሳቸው ፊደል ካላቸው ከሚያየው ሕዝብ ተለይተው ይቀራሉ፤ የምናነበውን እነርሱም በእኛው ፊደል ያንብቡ የሚል ነው። አንድነትን የሚሻ ይመስላል። ነገር ግን የዚህን አንድነት ዋጋ የሚከፍለው በሰዓት ጥቂት መስመር እየዳሰሰ የሚውለው ልጅ ነው። ተማሪዎቹ ለዚህ ክርክር የሰጡት መልስ ቃል አልነበረም። በክፍል የታዘዙትን እያነበቡ፣ በየመኝታቸው በነጥብ መጻፋቸውን፣ ታላላቆቹም ለታናናሾቹ ማስተማራቸውን ቀጠሉ። አንድን ፊደል ማንም ሳያዝዘው፣ እንዲያውም ተከልክሎ ሳለ፣ ልጆች እርስ በርስ ከተማማሩት፣ ስለ ጥቅሙ ከዚህ የበለጠ ምስክር አያስፈልግም።

ሉዊም ለዚሁ ክርክር መልስ ሠርቶለታል፤ ይህኛው ፈጠራው ግን እምብዛም አይታወቅም። ዓይነ ስውሩ ከሚያየው ሰው ጋር መጻጻፍ አለበት ካላችሁ፣ ድልድዩን እኔው ልሥራው ያለ ይመስላል። በ1839 ያወጣው ዘዴ የተለመዱትን የላቲን ፊደላት በዐሥር ነጥብ ቁመት በተሰመረ ሰንጠረዥ ላይ ነጥብ በነጥብ እየወጉ መሣል የሚያስችል ነው፤ ማየት የተሳነው ሰው በዚህ የጻፈውን ደብዳቤ የማንም ሰው እናት በዓይኗ ታነበዋለች። የነጥቦቹን ቦታ ማስታወስ አድካሚ ስለነበር ፍራንሷ ፉኮ የሚባል ዓይነ ስውር ወዳጁ በ1841 ቁልፍ እየተጫኑ የሚጽፉበት መኪና ሠራለት። የጽሕፈት መኪና በየቢሮው ከመግባቱ ብዙ ዐሥርት ዓመታት አስቀድሞ ሁለት ዓይነ ስውራን ለሚያዩ ሰዎች በመኪና ደብዳቤ ይጽፉ ነበር።

እገዳው የተነሣው የትምህርት ቤቱ ምክትል ኃላፊ ዦዜፍ ጋዴ ነገሩን ቀርበው ስለተመለከቱትና አለቃቸውን ስላሳመኗቸው ነው። በፌብሩዋሪ 1844 አዲሱ ሕንፃ ሲመረቅ የነጥብ ፊደሉ ታሪክ በእንግዶች ፊት ተነበበ፤ አንድ ተማሪ የተነገረውን በነጥብ ሲጽፍ ሌላው በጣቱ አነበበው። ሉዊ በቦታው ነበር። ከዚያ በኋላ የቀረው ዕድሜ ስምንት ዓመት አይሞላም። በጃንዋሪ 6 ቀን 1852፣ 43 ዓመት በሞላው በሁለተኛው ቀን፣ አረፈ። የፓሪስ ጋዜጦች ስለ ሞቱ የጻፉት ነገር አልነበረም። ሳይከፈት እንዲቃጠል የተናዘዘበት አንድ ትንሽ ሣጥን ነበረው፤ ወዳጆቹ ከፍተው ሲያዩ ተማሪዎቹ ከእርሱ የተበደሩትን ገንዘብ የሚመሰክሩ ወረቀቶች ሆነው አገኟቸው። ዕዳውን ለማንም ሳይናገር ይዞት ሊቀበር ነበር። ወረቀቶቹም ተቃጠሉ።

ትምህርት ቤቱ ፊደሉን በይፋ የተቀበለው ከሁለት ዓመት በኋላ፣ በ1854 ነው፤ በ1878 በፓሪስ የተደረገው ዓለም አቀፍ ጉባኤም መረጠው። በእንግሊዝ አገር የነበረውን አካሄድ በተለይ አደንቃለሁ። ቶማስ አርሚቴጅ የተባሉ፣ ዓይናቸው ደክሞ ሕክምናን የተዉ ሐኪም በ1868 ማኅበር አቋቋሙና በጊዜው እርስ በርስ ከሚፎካከሩት ልዩ ልዩ ፊደላት መካከል የትኛው ይሻላል የሚለውን እንዲፈርዱ የመረጡት በጣታቸው የሚያነቡ ሰዎችን ብቻ ነበር። ፍርዱም ለብሬል ሆነ። በ1952፣ በሞተ በመቶኛው ዓመት፣ ፈረንሳይ የሉዊን አጽም ታላላቅ ሰዎቿ ወደሚያርፉበት ወደ ፓንቴዮን አዛወረችው። ኩቭሬ ግን ልጇን ሙሉ በሙሉ አልሰጠችም፤ የእጆቹ አጽም ዛሬም በዚያች መንደር መቃብር ይገኛል።

ይህ ፊደል ወደ እኛ ሲመጣ ሌላ ጥያቄ ገጠመው። በአገራችን የአብነት ትምህርት ቤቶች ማየት የተሳናቸው ሊቃውንት ዜማውንም ቅኔውንም በቃላቸው አጥንተው ለመምህርነት ይበቁ ነበር፤ የራሳቸውን ድርሰት ለማስፈር ግን የሌላ ሰው እጅ ያስፈልጋቸው ነበር። ብሬል ይህን ሊሞላ ይችላል፤ ችግሩ የፊደላችን ብዛት ነው። ከ«ሀ» እስከ «ፐ» ሠላሳ ሦስቱን በሰባት ስናበዛ 231 እናገኛለን፤ ብሬል ያለው 63 ቅርጽ ብቻ ነው። መፍትሔው ፊደሉን ወደ ተነባቢና አናባቢ መክፈል ሆነ፤ እኛ በአንድ ፊደል የምንጽፋት «ላ» በአማርኛ ብሬል ሁለት ቦታ ትይዛለች፤ በመጀመሪያ ተነባቢዋ፣ ቀጥሎ አናባቢዋ። በዚህም ምክንያት የአማርኛ የብሬል መጽሐፍ ከእኛው መጽሐፍ ብዙ እጥፍ ይገዝፋል።

እኔ ይህን ሁሉ ያወቅሁት ከመጽሐፍ አስቀድሜ ከአንዲት ተማሪዬ ነው። የማታ ተማሪዎችን አስተምር በነበረበት ጊዜ ክፍሌ ውስጥ ማስታወሻዋን በብሬል የምትይዝ ወጣት ነበረች። ስሌት የሚባለውን ባለ መስኮት ሰሌዳ በወረቀቷ ላይ ታጥፍና ስታይለሷን፣ ማለትም መውጊያ ብረቷን፣ ጨብጣ፣ እኔ በተናገርሁ ቍጥር ጠቅ ጠቅ ጠቅ ታደርጋለች። የምትጽፈው ከቀኝ ወደ ግራ ነው፤ ወረቀቱ የሚወጋው ከጀርባው ስለሆነ፣ ሲገለበጥ ነጥቦቹ ብቅ ብለው ከግራ ወደ ቀኝ ይነበባሉ። እያንዳንዱን ፊደል የመስተዋት ምስሉን አድርጋ ነበር የምትጽፈው፤ ከእኔ አነጋገርም ወደኋላ ቀርታ አታውቅም። ለፈተና ግን መልሷን የሚጽፍላት ሰው ይመደብላት ነበር፤ እኔ ነጥብ ማንበብ ስለማልችል። ሉዊ ብሬል በ1839 የተጨነቀለት ችግር በእኔ ጠረጴዛ ላይ እንደነበረ ቈይቷል ማለት ነው። ይህ አሳፍሮኝ እንድታስተምረኝ ለመንኋት፤ ከትምህርት በኋላ በሳምንት ሁለት ቀን ትዕግሥት ሳታጣ አስተማረችኝ።

ጣቴ እስከ ዛሬ አልለመደም። የማነበው በዓይኔ ነው፤ ነጭ ነጥብ በነጭ ወረቀት ላይ የሚታየው ደግሞ ብርሃኑ ከጎን ሲወድቅበትና ትንንሽ ጥላ ሲጥል ብቻ ስለሆነ ወረቀቱን ወደ አምፖሉ እያዘነበልሁ ነው። በአንድ የክረምት ምሽት ያለ ጸሐፊ፣ በራሷ እጅ የጻፈችውን የመጀመሪያውን የጽሑፍ ሥራ አምጥታ ሰጠችኝ፤ አራት ገጽ ነበር። እርሷ ከጠረጴዛዬ ማዶ ተቀምጣ፣ እኔ እየተንተባተብሁ የመጀመሪያውን ገጽ ጨርሼ ሁለተኛውን ስጀምር መብራት ጠፋ። ስልኬን ለማብራት ኪሴን ስዳብስ ምን እንደሆነ ጠየቀችኝ፤ ነገርኋት። እጇን ዘርግታ ወረቀቶቹን ተቀበለችኝና፣ የቆምሁበትን መስመር ፈልጋ፣ የቀሩትን ገጾች በዚያው ጨለማ እስከ መጨረሻው አነበበችልኝ።